ድርብ የጭስ ማውጫ በፒክአፕ መኪና

ድርብ የጭስ ማውጫ የሞተርን የተቃጠለ ጋዝ በአንድ ቱቦ ምትክ በሁለት ቱቦዎች ወደ ውጭ የሚያወጣ የመኪና ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ጋራዦች የጭስ ማውጫው፣ በተለይም ድምፅ የሚያፍነው ክፍል፣ «ማርሚታ» ይባላል። ቃሉ እንደ ካንዴላ፣ ባሌስትራና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትልቅ ድስትንም ያመለክታል። ድርብ ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ለመልክ፣ ለድምፅና ለተጨማሪ ጉልበት ተብሎ ነው። በደብረ ታቦርና በሌሎች የደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ግን የመኪናን ጉልበት የሚቀንሰው በዋናነት የአየሩ መሳሳት ስለሆነ ከማውጫው ለውጥ የሚገኘው ጉልበት ትንሽ ነው።

የጭስ ማውጫ ሥራ

ጋዙ ከሲሊንደሮቹ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ሰብሳቢው ቱቦ ይገባል፤ ከዚያ በማርሚታው አልፎ ከመኪናው ጀርባ ይወጣል። ማውጫው ሦስት ሥራ አለው፦ መርዛማውን ጋዝ ከተሳፋሪው ማራቅ፣ ድምፅን ማፈንና ሙቀትን ከነዳጅና ከፍሬን መስመሮች መለየት። ቱቦው ከጠበበ ወይም ማርሚታው ውስጡ ፈርሶ ከተደፈነ ፒስተኑ ጋዙን ለመግፋት ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ይህ ተቃውሞ የኋላ ግፊት ይባላል።

ሁለቱ ዓይነቶች

እውነተኛ ድርብ ማውጫ የሚሠራው በ«ቪ» ቅርጽ ለተሠሩ ሞተሮች ነው። በእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ስለተከፈሉ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ሰብሳቢ ቱቦ አለው። ስምንት ሲሊንደር ባላቸው ትልልቅ የአሜሪካ ፒክአፖች ላይ ሊገጠም የሚችለው ይህ ነው።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉ የናፍጣ ፒክአፖች ግን በአብዛኛው አራት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሞተር አላቸው። ጋዙ የሚሰበሰበው በአንድ ቦታ ስለሆነ ድርብ ማውጫ የሚሆነው ከማርሚታው በኋላ ቱቦውን ለሁለት በመክፈል ነው። ጋዙ ከመከፈሉ በፊት በአንዱ ቱቦ ማለፉ ስለማይቀር፣ ከፊት ያለው ጠባብ ክፍል ካልተለወጠ የኋላው መከፈል ፍሰቱን እምብዛም አያሻሽልም። የቱቦዎቹ ስፋትም ያሳስታል፤ ውስጣቸው 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ቱቦዎች በአንድነት የሚያሳልፉት ስፋት 63.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ ቱቦ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

የደጋ ከፍታ ውጤት

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,706 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በፎገራ ሜዳ ካለችው ከወረታ የሚነሳ መኪና ከተማዋ ለመድረስ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚያስገባው የአየር መጠን ስለሚቀንስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ የሚያጣው ያነሰ ነው።

ሞተሩ ያስገባው አየር ሲሳሳ የሚያስወጣው ጋዝም ይሳሳል። የሳሳ ጋዝ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ስለሚቀንስ፣ ለቆላ የበቃ ማውጫ ለደጋ ከበቂ በላይ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ አሮጌ የናፍጣ መኪናም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የማውጫው መጥበብ አይደለም፤ የናፍጣው ፓምፕ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ነዳጅ እየሰጠ ነው። በዚህ ጊዜ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ወይም መቀየር፣ ፓምፑንና የነዳጅ መርጫዎቹን ማስተካከል ከአዲስ ማውጫ ይልቅ ይጠቅማል።

አገጣጠም

ሥራው የሚጀመረው ሁለተኛው ቱቦ የሚያልፍበትን ቦታ በመለካት ነው። በፒክአፕ ሥር የነዳጅ ታንክ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ባሌስትራና የፍሬን መስመሮች ስላሉ በሁለቱም ወገን እኩል ክፍት ቦታ አይገኝም። የኋላው አክስል መኪናው ሲጫን ወደ ሻንሲው ይጠጋል፤ ስለዚህ በባዶ መኪና በቂ የሚመስለው ክፍተት ድንች ወይም እህል ሲጫን ሊጠፋ ይችላል።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ አይገባም፤ በጠንካራ ድጋፍ ይቆማል። ማውጫው ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። ቱቦው የሚቆረጠው ከማርሚታው በኋላ ሲሆን፣ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ያሉት ጋዝ የሚያጣሩ ክፍሎችና ሴንሰሮች አይነኩም። ሹካ የሚመስለው መገናኛ ጋዙን በቀስታ የሚያዞር መሆን አለበት።

የቱቦ ማጠፊያ ማሽን በሌለበት ቦታ ቱቦውን በአሸዋ ሞልቶ በእሳት እያሞቁ ማጠፍ ይቻላል፤ አሸዋው ቱቦው እንዳይጨማደድ ይከላከላል። አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦን መጠቀምም አደገኛ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያስይዘዋል።

ቱቦዎቹ በመጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይበየዳሉ፤ ቦታቸውን መያዛቸው ከታየ በኋላ ዙሪያቸው ይዘጋል። ሦስት ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ማውጫው ከሻንሲው ጋር በቀጥታ አይበየድም፤ በጎሚኒ ይንጠለጠላል። በቀጥታ ከተበየደ ንዝረቱ ወደ ጋቢናው ይገባል፣ ብየዳውም ቶሎ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ ሁለቱም አፎች በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሲዘጉ፣ የሚያፈስ መጋጠሚያ በድምፁ ይታወቃል።

አደጋዎች

ትልቁ አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ኦክስጅን ባነሰበት ደጋ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ በብርድ ምክንያት መስኮት ዘግቶ መጓዝም ያባብሰዋል። ስለዚህ የሁለቱም ቱቦዎች አፍ ከጭነት ሣጥኑ የኋላ ጠርዝ ማለፍ አለበት። ከጋቢናው ሥር ወይም ከጭነት ሣጥኑ መሐል የሚያበቃ ቱቦ ጋዙን ወደ ተሳፋሪው ይመልሳል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ ምልክቱ የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

የጋለ ቱቦ ጭድና ደረቅ ሣር ያቀጣጥላል። ማርሚታው ተወግዶ የሚወጣው ኃይለኛ ድምፅ ደግሞ ከመኪና ጋር መንገድ የሚጋሩትን አህዮችና በቅሎዎች ያስደነብራል።

ሕግና ምርመራ

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ ያለፈው መኪና በተለምዶ «ቦሎ» የሚባለውን ምልክት ይለጥፋል። ማውጫውን መለወጥ የሚፈልግ ባለንብረት ቱቦው ከመቆረጡ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ከድጋሚ ወጪ ይድናል። የተቆረጠውን የቀድሞ ቱቦና ማርሚታ ማስቀመጥም ለውጡ ተቀባይነት ካጣ መኪናውን ወደ ነበረበት ለመመለስ ያስችላል።