ፕላን ምርመራ የሚዘገየው የት ላይ ነው?

ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ባለው አስፋልት ዳር ሕንፃ ሊያቆም ያሰበ ሰው ሁሉ የግንባታ ፈቃድ ይጠብቃል። መዘግየቱ ግን ሁልጊዜ የመርማሪው ጥፋት አይደለም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በ3 ምድብ ከፍሎ ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት በዚያ አዋጅ ምድብ «ሀ» ነበር፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደግሞ ምድብ «ሐ»። የትልቅ ሕንፃ ፋይል የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ፕላን ይዞ ይገባል። በአርክቴክቸሩ ፕላን ላይ ያለው ምሰሶ (ኮለን) ከስትራክቸሩ ጋር ካልገጠመ ፋይሉ ተመላሽ ነው፤ እርማት፣ ፊርማ፣ ደግሞ ወረፋ።

ጥድፊያም ቢሆን አያዋጣም፤ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያሰጋዋል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ ውርጌሳ የሚገኝበት ሀብሩ ወረዳም ያለው እዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው።

ፕላንዎ ከተመለሰ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።