የሕዋስን ትእዛዝ ስለ ማገድ

በሐርጌሳ ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢል ያቋቋሙት ሆስፒታል በ2002 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ለወላድ እናቶች ተከፍቶ፤ ከዚያ ወዲህ ለሌላም ሕመምተኛ የሚያገለግልና ነርሶችንና አዋላጆችን የሚያሠለጥን ሆኗል። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ወደ ሐኪም ስትቀርብ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይድናል ወይስ አይድንም? መልሱም በዕጢው ዓይነት የሚወሰን ነው።

ከጡት ነቀርሳ መካከል ብርቱ የሆነው አንዱ፣ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባዮችን፣ እንዲሁም የሄር-2ን ብዛት ያጣ ነው። በእነዚህ ምልክቶች ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት አይረዳውም። ስለዚህ ሊቃውንት ወደ ዘረመል ፊታቸውን መለሱ።

ዘረመል በመዝገብ ቤት እንደ ተቀመጠ ሰነድ ሲሆን፣ ትእዛዙ ወደ ሥራ ቦታ የሚደርሰው አር ኤን ኤ በተባለ ግልባጭ ነው። አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ1998 ሰነዱ ሳይነካ ግልባጩ በመንገድ ሊደመሰስ እንደሚችል በትል ላይ አሳዩ፤ ለዚህም በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በላቦራቶሪ በተያዙ የነቀርሳ ሕዋሳት ላይ፣ መባዛትን ወይም መዛመትን የሚያዝ ዘረመል ዝም ሲሰኝ፣ ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ ይደክማሉ። ነገር ግን ምርጫው ጥንቃቄን ይሻል፤ ብራካ-1 የተባለው ጠባቂ ዘረመል ዝም ማለቱ ራሱ በአንዳንድ ብርቱ ዕጢዎች ውስጥ ይገኛልና።

ከሳሕን እስከ ሰው አካል ያለው መንገድም ረዥም ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ፈጥኖ ይበተናል፤ ለመድረስ የሚቀለውም ወደ ጉበት ነው። በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ ፓቲሲራን፣ በጉበት የሚሠራና ለሌላ ሕመም የዋለ ነው።

እንግዲህ እስከዚያው የሚደረገው ምንድን ነው? በ2014 የታተመ የኢትዮጵያ ሕመምተኞች ጥናት፣ ከ3 ዕጢዎች 2 ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አመለከተ። ለእነዚህ ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ ክኒን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማን እንደሚጠቀም የሚታወቀው ሥጋው ሲመረመር ብቻ ነው። በበርበራ ወደብ የሚያስመጣ ነጋዴ የምርመራውን ኬሚካል በጊዜ ቢያቀርብ፣ ሹሙም የጉምሩኩን ወረቀት ባያዘገይ፣ ከዛሬ ሕመምተኞች ብዙዎቹ የነገውን ግኝት ሳይጠብቁ ይረዳሉ።