የተጣለ ጣውላ ተረት ሲናገር

ጣውላ ዕድሜው ሲያልቅ ዕጣው ምድጃ ነው። የዕቃ መጫኛ ርብራብም ሆነ የመጠጥ በርሜል፥ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ወይ ይጣላል፥ ወይ ይማገዳል። እንዲህ ያለውን ውዳቂ እየሰበሰበ ከቤት ጣራ የሚስተካከል ፍጡር የሚያቆም አንድ የዴንማርክ ሰው አለ ብንል፥ አንባቢዎቻችን ተረት ይመስላቸው ይሆናል። በእርግጥም ተረት ነው፤ ነገር ግን በእጅ የሚዳሰስ ተረት ነው።

ሰውየው ቶማስ ዳምቦ ይባላል፤ የተወለደውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ነው። የሚሠራው በሰሜን አውሮፓ ተረት ውስጥ በጫካና በተራራ ይኖራሉ የሚባሉትን «ትሮል» የተሰኙ ፍጥረታት ነው። ከእኛ ጭራቅ ጋር የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም። በ2016 ስድስቱን በኮፐንሃገን ዙሪያ በየስርቻው አቆማቸው፤ ሊያያቸው የፈለገ ሰው በእግሩ ሄዶ መፈለግ አለበት።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ፊቱና እጁ ብዙ ጊዜ በዴንማርክ ይዘጋጃል፤ ገላው ግን በሚቆምበት ስፍራ፥ ከዚያው አካባቢ በተገኘ አሮጌ እንጨት፥ በበጎ ፈቃደኞች ብርታት ይሠራል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ የመንደሩ ሰው «የእኛ ነው» ለማለት ይደፍራል።

ሆኖም የሕዝብ የሆነ ነገር ሁሉ ጣጣ አያጣም። በ2018 በአሜሪካ በኮሎራዶ፥ ብሬከንሪጅ በተባለችው ከተማ «አይሳክ» የተባለው ትሮል ሲቆም ተመልካቹ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። የአካባቢው ነዋሪዎች በጩኸቱና በግርግሩ ተማረሩ፤ አይሳክም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በተከታዩ ዓመት በዚያችው ከተማ ለሕዝብ በሚመች ሌላ ስፍራ እንደገና ተሠራ። አንዱ ወገን ቅርሱን ወደደ፥ ሌላው ወገን ሰላሙን ወደደ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በ2023 ደግሞ በሲያትልና በፖርትላንድ አካባቢ ስድስት ትሮሎች ቆሙ፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦችም በሥራው ተባባሪ ሆኑ። አንዱ ትሮል የቆመው በሲያትል፥ ባላርድ በተባለው ሰፈር ካለው የኖርዲክ ሙዚየም አጠገብ ነው። ባላርድ ከስካንዲናቪያ የመጡ ዓሣ አጥማጆችና የእንጨት ሠራተኞች የሰፈሩበት ቦታ ነበር። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ቋንቋ ባይናገሩም፥ ዛሬ የአያቶቻቸውን ተረት እጁን ይዘው ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

እኛ በትምህርት ላይ ሳለን ቅርስ ማለት በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎ የሚጠበቅ ዕቃ ብቻ ይመስለን ነበር። ዝናብ የሚመታውን፥ ልጆች የሚንጠላጠሉበትን፥ ውሎ አድሮም የሚበሰብሰውን ነገር ቅርስ ለማለት ያስቸግረን ነበር። አሁን ግን እንዲህ እናስባለን፤ እንጨቱ ቢበሰብስ ሌላ እንጨት አይጠፋም፤ ተረቱን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ግን ምን ይተካዋል?

በዚያው በሲያትል ብዙ ወገኖቻችን ልጆች ያሳድጋሉ። እነዚህ ልጆች ከባላርዱ ትሮል ፊት ቆመው «የእኛ አገር ጭራቅ ምን ይመስላል?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ ከወላጆቻቸው አፍ እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም። ለዚህ ጥያቄ መዶሻም ጣውላም አያስፈልግም፤ ከራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።