ሰማንያ ሺህ ቃል በሦስት ደቂቃ

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ምን እንደሚያጠና ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ርዕሱን ይናገርና ዝም ይላል። ጠያቂውም «በርታ» ብሎ ያልፋል። ዓመታት የፈጀ ምርምር ከአማካሪና ከፈታኝ በቀር ሰሚ ሳያገኝ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ከሚያዘጋጇቸው ድጋፎች መካከል ይህን ዝምታ በመስበር «የሦስት ደቂቃ ቴሲስ» የተባለውን ውድድር የሚያህል ያለ አይመስለኝም።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ብሪዝበን በሚገኘው የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። መነሻው ድርቅ ነበር። አካባቢው በውሃ እጥረት ክፉኛ ተጨንቆ ነዋሪው በቀን ከ140 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ይመከር በነበረበት ሰሞን፣ ብዙ ሰው ገላውን ሲታጠብ ውሃ እንዳያባክን ለእንቁላል መቀቀያ የሚያገለግል የሦስት ደቂቃ መቁጠሪያ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። በጊዜው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር አላን ላውሰን ይህን ልማድ ከተማሪዎቻቸው ችግር ጋር አገናኝተው ተማሪው ጥናቱን በሦስት ደቂቃ ለሌሎች የሚያስረዳበትን ውድድር አሰቡ። በመጀመሪያው ዓመት 160 ተማሪዎች ተወዳደሩ። ዛሬ ከ80 በሚበልጡ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ ተቋማት ያካሂዱታል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የሚፈቀደው አንድ ስላይድ ብቻ ነው፤ እሱም የማይንቀሳቀስ። ቪዲዮም ድምፅም በእጅ የሚያዝ ማሳያም አይገባም። ግጥም፣ ራፕ፣ ዘፈን ክልክል ነው። ሦስት ደቂቃ ያለፈበት ተወዳዳሪ ይሰረዛል። ሰማንያ ሺህ ቃል ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ሙሉውን ይቅረብ ቢባል ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል፤ በሦስት ደቂቃ ግን በእንግሊዝኛ 400 ቃል ገደማ ቢነገር ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ መቁረጥ ነው።

የስንዴ ዋግን የሚያጠና ተማሪ እንውሰድ። አፉ የለመደው «የግንድ ዋግን የመቋቋም ባሕርይ ያላቸውን መለያዎች በጂኖም ደረጃ መለየት» የሚለውን ነው። ለሙያው ባዕድ የሆነ ሰው ከዚህ የሚይዘው ነገር የለም። አሁን ስላይዱ ላይ ሁለት የስንዴ ፍሬዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ አንዷ የሞላች፣ ሌላዋ ዋግ መትቷት የተጨማደደች። «ሁለቱም የበቀሉት አንድ ማሳ ላይ ነው። ይህችን ምን አተረፋት? እኔ የምፈልገው እሱን ነው» ብሎ ቢጀምር የታሪክ ተማሪውም የሒሳብ መምህሯም ቀና ብለው ያዳምጡታል።

እንዲህ ያለ አጀማመር ብቻን ተቀምጦ አይገኝም። ከውድድሩ ሽልማት ይልቅ ከፍ አድርጌ የማየው ከእሱ በፊት የሚመጣውን ልምምድ ነው። ከተለያየ ዲፓርትመንት የመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይደማመጣሉ። አንዱ «ጂኖም ምንድን ነው?» ይላል፤ ሌላዋ «ታዲያ ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብላ ትጠይቃለች። ተማሪው ሲመልስ የራሱ ጥናት ይጠራለታል። ብቻውን ሲጽፍ ለከረመ ሰው የሥራ ባልደረባ ማግኘትም ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ምርምርን ወደ ማስታወቂያ ያወርዳል ብሎ የሚሰጋ ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ዳኞችም ነጥብ ሲሰጡ ተናጋሪው ጥናቱን አቅልሎ ዋጋ እንዳያሳጣው ይመለከታሉ። ግኝቱንና ፋይዳውን ማስረዳቱ አንዱ መመዘኛ ሲሆን አድማጭን ይዞ መቆየቱ ሌላው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 አክፋስ የተባለው የኬቤክ የሳይንስ ማኅበር ሐሳቡን ወስዶ «ቴሲሴ በ180 ሰከንድ» በሚል ስም በፈረንሳይኛ ጀመረው፤ ውድድሩም ወደ ሌሎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ተዛመተ። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳዩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ቢያዘጋጁ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና ሰዓት ነው። ዋግን ለማጥናት ማሳውን የፈቀደ ገበሬም ወንበር ይያዝለት።