የፍቺ ቃልና የፍቺ ውሳኔ፦ ስለ ጠላቅ፣ ስለ ሐዳናና ጠበቃ ስለ ማቆም በመስጊድ የሚነሡ ጥያቄዎች

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጀመዓው ሲበተን ወደ ኢማሙ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው የቤቱን ጉዳይ ነው። ትናንት ማታ በቁጣ ከአፉ ያመለጠ ቃል፣ ወደ እናቷ ቤት የሄደች ሚስት፣ በሁለቱ መካከል የቀረ ልጅ። ኢማሙም በዚያው ምሽት መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። መልሱ የሚነካቸው ሰዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ፊቱ የቆመው ግን አንዱ ብቻ ነው። የፊቅሁን ዝርዝር አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት በእርሱ ላይ አናረዝምም። የምናተኩረው ፊቅሁና የአገሪቱ ሕግ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና።

«ፈትቻታለሁ» ብሎ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው መልስ ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል። ቃሉ ምን ነበር? በአማርኛ «ፈትቼሻለሁ» ማለት ግልጽ (ሰሪሕ) ቃል ነው። «ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ» ወይም «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም» ማለት ግን ሽፍን (ኪናያ) ነው፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ፍቺ የሚሆነው ተናጋሪው ፍቺን አስቦ ከሆነ ነው። በስልክ የተላከ የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ በሻፊዒዮች ዘንድ ኒያ ይጠየቅበታል፤ ሐነፊዮች ግን ለሚስቱ በስሟ ተለይቶ የተጻፈን ግልጽ ጽሑፍ እንደ ንግግር ይቆጥሩታል። ከዚህ ቀጥሎ፦ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ፈትቷት ነበር? በወር አበባ ላይ ነበረች? ነፍሰ ጡር ናት? እነዚህ ሳይጠየቁ የተሰጠ መልስ ግምት እንጂ ፈትዋ አይደለም።

በአንድ ትንፋሽ «ሦስት ጊዜ ፈትቼሻለሁ» ያለ ሰው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የአራቱ መዝሀቦች የታወቀ አቋም ሦስቱም ይጸናሉ የሚል ነው፤ ኢብኑ ተይሚያና የተከተሏቸው ዑለማዎች ደግሞ እንደ አንድ ይቆጥሩታል፤ በዘመናችን የበርካታ ሙስሊም አገሮች የቤተሰብ ሕጎችም ይህን ሁለተኛውን ይዘዋል። እኛ የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ባልየው ከአንዱ ኢማም ወደ ሌላው እየዞረ የሚመቸውን መልስ ሲፈልግ፣ ሴትዮዋ በአንዱ መስጊድ ሐራም፣ በሌላው ሐላል ሆና ትቀራለች። እንዲህ ያለው ጉዳይ በመስጊድ ደጃፍ የሚያልቅ ሳይሆን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ልዩነቱን በፍርድ ወደሚያቋርጥ ቃዲ የሚላክ ነው።

ስለ ወረቀትም አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል፤ ስሕተቱ የራሳችን ነበርና። ከአሥር ዓመታት በፊት በአንድ መስጊድ እያስተማርን ሳለ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት የተነገረን ጠላቅ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፈን ለሁለቱም ወገን ሰጠን። ቀኑን አልጻፍንም፤ ስንተኛው ጠላቅ እንደሆነም አልጠቀስንም። ከወራት በኋላ ባልየው «ዒዳዋ ሳያልቅ መልሻታለሁ» ብሎ መጣ። ሴትዮዋ ደግሞ ዒዳዋ እንዳለቀና ሌላ ሰው ለኒካሕ እንደጠየቃት ተናገረች። በወር አበባ የሚቆጠር ዒዳ አልቋል ስትል የሴቲቱ ቃል ተቀባይነት እንዳለው ይታወቃል፤ እዚህ ግን የተካደው የቆጠራው መነሻ ቀን ነው። አንዱ ምስክር «ከረመዳን በፊት ነው»፣ ሌላው «ከዒድ በኋላ ነው» አለ። ጉዳዩ እስኪጠራ ድረስ ያቺ ሴት ባለ ባልም፣ ፈትም ሳትሆን ከረመች። ሱረቱ ኒሳእ በ129ኛው አንቀጽ ሚስትን እንደተንጠለጠለች አድርጎ መተውን የከለከለው ስለ ባሎች ነው፤ በዚያ ጊዜ ያንጠለጠልናት ግን እኛ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ቀን፣ ሰዓት፣ የተነገረው ቃል፣ የጠላቁ ቁጥርና የምስክሮች ሙሉ ስም የሌለበት ወረቀት አንፈርምም።

የተሟላ ወረቀት ቢሆንም እንኳ ማስረጃ እንጂ ውሳኔ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 117 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ በመስጊድ የተፋቱ ሰዎች በመንግሥት መዝገብ ባልና ሚስት ሆነው ይቀጥላሉ። ይህ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፣ ቤት ሲሸጥ፣ አንዱ ሲሞትና ውርስ ሲከፈት፣ ወይም አንደኛው ሌላ ጋብቻ ሊያስመዘግብ ሲሄድ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት? እዚህ ላይ ለሙስሊሙ ሁለት በር ተከፍቷል። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአገራችን ሕግ ከ1936 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ያመለክታል፤ በአዋጅ ቁጥር 188/1992ም የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ተዋቅረዋል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች አሳዳጊነት፣ ውርስ፣ ወቅፍና ስጦታ በሥልጣናቸው ሥር ይወድቃሉ። የሚፈርዱት በእስልምና ሕግ ሲሆን የክርክሩን አመራር የሚከተሉት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው።

የሁሉም ነገር ቁልፍ ፈቃድ ነው። ሁለቱም ወገኖች በግልጽ ካልተስማሙ የሸሪዓው ፍርድ ቤት ጉዳዩን አያይም፤ ወደ መደበኛው ይመልሰዋል። ተቃውሞ እየቀረበ የታየ ጉዳይ በ1996 ዓ.ም. ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ያለ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ሆኖ ተገኝቷል። ምእመናን የማያውቁት ግን የነገሩን ሌላ ገጽታ ነው። መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም እርሱ በሌለበት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድም ውሳኔው አልጣመኝም ተብሎ አይሻርም። ብዙ እኅቶች መጥሪያውን የሚቀበሉት በድንጋጤ ነው፤ ከፍተው ሳያነቡ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ በእርሱ ላይ ያለውን የቀጠሮ ቀን ሳያዩ ቀኑ ያልፋል። የሚፈቅዱም ይሁን የማይፈቅዱ በቀጠሮው ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ መንገር የኢማሙ ድርሻ ነው። ወደ አንዱ በር መግፋት ግን የእርሱ ሥራ አይደለም፤ በግፊት የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይባልምና።

መደበኛው ፍርድ ቤት የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለት ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እርቅ እንዲሞከር ሊያደርግ ይችላል፤ የማሰላሰያ ጊዜም ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዳንድ ሸምጋይ እንዲላክ ያዘዘውን ያስታውሰናልና ኢማም ለሽምግልና ሲመረጥ ሊሸሽ አይገባም። በዚህ ጊዜ ውስጥም ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች ማደሪያና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የማያውቁ እናቶች ውሳኔው እስኪመጣ በብድር ልጅ ያሳድጋሉ።

«መደበኛው ፍርድ ቤት ያፋታኝ ፍቺ በሸሪዓ ይጸናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣል። ባልየው ራሱ ጠይቆ ወይም ተስማምቶ ከሆነ ችግሩ ይቀላል፤ ፈቃዱ ከርሱ ወጥቷልና። ሴትዮዋ ጠይቃ እርሱ እምቢ እያለ ከተወሰነ ግን ዑለማዎች ይለያዩበታል። እኛ የምንመርጠው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ከውሳኔው ጋር ባልየው ጠላቁን በጽሑፍ እንዲሰጥ ወይም በኹልዕ እንዲስማሙ መጣር፤ ይህ ካልተቻለ በቃዲ ፊት የፈስኽ ጥያቄ ማቅረብ። ባሏ ወደ ሳዑዲ ሄዶ ዓመታት የጠፋባት ወይም ነፈቃ የከለከላት ሴት በማሊኪያዎችና በሐንበሊያዎች ዘንድ ሰፊ መውጫ አላት። ለእርሷ «ታገሺ» ብቻ ማለት መልስ አይደለም።

አሁን ወደ ልጆች እንምጣ። ከሚሰሙት ስሕተቶች ሁሉ የሚያሳዝነን «ልጁን ከወሰደች ወጪውን ራሷ ትቻል» የሚለው ነው። በፊቅሁ ሦስት ነገሮች ተለይተዋል። ሐዳና ሕፃኑን ማቀፍ፣ ማብላት፣ ማጠብና ማሳደግ ሲሆን የእናት ቅድሚያ ያለበት ነው። ዊላያ የልጁን ንብረትና ጋብቻ የሚመለከት ኃላፊነት ሲሆን የአባት ነው። ነፈቃ ደግሞ ልጁ የትም ይደር የትም፣ አቅም ያለው አባት ግዴታ ነው። እንዲያውም የተፈታች እናት ልጇን ስታጠባ ዋጋዋ እንዲከፈላት ሱረቱ ጠላቅ በ6ኛው አንቀጽ ያዛል። ሐዳናን ከነፈቃ ጋር እንደ ንግድ ማቀያየር ልጁን ዕቃ ማድረግ ነው።

እናት እስክታገባ ድረስ ለሐዳና ቅድሚያ እንዳላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንዲት ሴት የሰጡት ፍርድ መሠረት ነው። እስከ ስንት ዓመት? በሐነፊዮች ወንድ ልጅ እስከ 7፣ ሴት ልጅ እስከ 9 ዓመት ግድም፤ በማሊኪያዎች ወንዱ እስኪባልግ፣ ሴቷ እስክትዳር፤ በሻፊዒዮች ልጁ መለየት ሲጀምር፣ 7 ዓመት ገደማ፣ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በሐረርና በምሥራቅ ሻፊዒ፣ በወሎ ብዙ ቦታ ሐነፊ ስለሚበዛ፣ አንዱ ኢማም በሐረር የተማረውን ወደ ደሴ ይዞ ሄዶ «ሸሪዓው ይህ ብቻ ነው» ቢል ሕዝብ ግራ ይጋባል። ፉቀሃዎቹ በዕድሜው ቢለያዩም መለኪያቸው የልጁ ጥቅም (መስለሓ) ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆችንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። ሁኔታው ሲለወጥም ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

እናት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ልጁ ወደ ማን ይሄዳል? በመዝሀቦቹ ከእናት ቀጥሎ የምትጠራው የእናት እናት ናት። ባለንበት ዘመን ግን አያቲቱ የአልጋ ቁራኛ ልትሆን ትችላለች፤ አባትም አቅራቢያ ሊኖር ይችላል። ቅደም ተከተሉ በችሎታ የታሰረ መሆኑን መርሳት የለብንም።

በመጨረሻ ስለ ጠበቃ። «የሐቅ ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ለክርክር ወኪል ማቆም (ወካላ ቢል ኹሱማ) በፊቅሁ የተፈቀደ ነው፤ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ራሳቸው በክርክር ቦታ መገኘትን ስለማይወዱ ወንድማቸውን ዐቂልን፣ ኋላም ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈርን ይወክሉ እንደነበር በመጻሕፍት ተዘግቧል። ሐራም የሚሆነው ጠበቃው ሐሰት እንዲናገር ወይም ንብረት እንዲሸሽግ ሲታዘዝ ነው፤ ያን ጊዜ ኃጢአቱን ሁለቱም ይካፈላሉ። በስምምነት የሚፋቱ፣ የሚከራከሩበት ንብረት የሌላቸው ሰዎች ጠበቃ ላያስፈልጋቸው ይችላል። ቤት፣ የንግድ ድርጅት ወይም የልጅ ክርክር ካለ ግን ያስፈልጋል።

የሚመረጠው ጠበቃ ፈቃድ ያለው ይሁን፤ የጥብቅና አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ሙያ ነው እንጂ በፍርድ ቤት በር ላይ የሚገኝ ጉዳይ አስፈጻሚ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። ክፍያው፣ የሚሸፍነው የትኛውን ደረጃ እንደሆነና ይግባኝን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ለተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ይጠየቅ። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚከራከር ሰው ጠበቃው ኹልዕን ከጠላቅ፣ ሐዳናን ከዊላያ የሚለይ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የመክፈል አቅም የሌላት ሴት ሰሚ እንዳጣች አትቁጠር፤ ጠበቆች ለድሃ ያለ ክፍያ የመቆም ግዴታ አለባቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። በየመስጊዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአቅራቢያ ያለው የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ አድራሻና የሸሪዓው ፍርድ ቤት የሥራ ቀናት ከሰላት ሰዓቶቹ ሥር ቢለጠፉ፣ ከመግሪብ በኋላ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ግማሹን ጠያቂው ራሱ አንብቦ ያገኘው ነበር።