የውሻው ድርሻ

ሥጋ መርማሪ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ኮሶ ነው። በአዲስ አበባ፣ ሜክሲኮና ቄራ አካባቢ፣ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ብዙ ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔን ግን ከጡንቻው ይልቅ ሳንባው ይስበኛል። ሥጋው ምን እንደበላ ይናገራል፤ ከማን ጋር እንደኖረ የሚናገረው ሳንባው ነው።

ሳንባ በዓይን ብቻ አይመረመርም፤ በመዳፍ ይዳሰሳል። ጤነኛ ከሆነ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። አንዳንዴ ግን ጣት የማይሰምጥበት፣ የተወጠረ ቦታ ያጋጥማል። ነጣ ያለ፣ የጠራ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ሃይዳቲድ እንለዋለን። ፈሳሹ እንዳይረጭ አይበጣም፤ ሳንባው ተለይቶ ይወገዳል። ሥጋው ማኅተሙ ተመትቶበት ወደ ልኳንዳ ይሄዳል።

ከረጢቱን የሚያመጣው ትል ዋና መኖሪያው የውሻ አንጀት ነው፤ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩንና ውኃውን ይበክላል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ ሳንባው ወይም ጉበቱ ከረጢት ያበቅላል። ከብቱ ሲታረድ ሳንባው ለውሻ ይጣላል፤ ነገሩ እንደገና ይጀመራል። ሰውም፣ በተለይ ከቡችላ ጋር ሲጫወት የሚውል ልጅ፣ እንቁላሉን ከዋጠ ሊያዝ ይችላል። ጉበት ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በቀዶ ጥገና የሚወጣ አለ።

ስለዚህ ከብት፣ ውሻና እረኛ አብረው ባደሩበት ሁሉ ይህን ከረጢት ብፈልገው አላጣውም። ለምሳሌ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ፈረሰኛ እረኞችን፣ ጋውቾዎችን፣ የምናውቃቸው በፈረሳቸው፣ በፖንቾአቸው፣ ወገባቸው ላይ በሚታጠቁት ረጅም ቢላና በቅል እየዞረ በሚጠጣው ማቴያቸው ነው። ሆሴ ኤርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1872 ያሳተመው «ማርቲን ፊየሮ» የተባለው ግጥም ጋውቾውን የአገር ጀግና ሲያደርገው፣ በዚያው ዘመን እሾሃማው ሽቦ ሜዳውን እየከፋፈለ ከነጻ ፈረሰኛነት ወደ ቅጥር ሠራተኛነት እያወረደው ነበር። ያ ሁሉ ተዘፍኗል። ያልተዘፈነው፣ በጉን ሲያርድ ሆድ ዕቃውን ለውሾቹ መወርወሩ ነው። ኡራጓይ በዚህ ልማድ ለረጅም ጊዜ ስትቸገር ኖራለች። በኋላ ግን የውሾችን መድኃኒት ገጠር ድረስ በመደበኛነት እያደረሰች በሽታውን በብዙ ቀነሰችው።

 

የኛን ጋውቾ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቦረና አለ። በጎልማሳነቴ እዚያ ሠርቻለሁ። ዱብሉቅ ላይ የቱላ ጉድጓድ ያየ ሰው፣ ያለ አጥር እንዴት ከብት ይመራል ብሎ አይጠይቅም። በበጋ ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ እጅ ያሳልፋሉ፤ ውኃው ገንዳው ላይ ይገለበጣል። ከብቱ ዝም ብሎ አይገባም። ተራውን የሚያወጣው አባ ሄሬጋ ነው፤ ተራ ያልደረሰው ባለ መንጋ ስንት ከብት ቢኖረው ይጠብቃል። በድርቅ ከብት በ3 ቀን አንዴ ይጠጣል፤ ግጦሹም የሚለካው ከዚያ ጉድጓድ ተነሥቶ ሄዶ ለመመለስ በሚቻለው ርቀት ነው። ሽቦ የሚሠራውን ሥራ ውኃው ይሠራል። የሚታለቡት ላሞች ቤት አካባቢ ይቀራሉ፤ የደረቁትና ወይፈኖቹ ከወጣቶቹ ጋር ፎራ፣ ማለትም ከቤት ርቆ ወደሚሰማራው መንጋ፣ ይወርዳሉ።

እዚያ አንዲት ዳለቻ ላም ልወጋ ስል አንድ አዛውንት በአስተርጓሚ አስቆሙኝ። «ዶክተር፣ እሷን ባለፈው ወግተሃታል፤ ያልተወጋችው እህቷ ናት።» ሁለቱ ለእኔ አንድ ነበሩ። ሽማግሌው ግን የእናታቸውን እናት ጠቅሰው፣ የቷ በየትኛው ድርቅ እንደተወለደች ነገሩኝ።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚያልቀው አይሱዙ ላይ ነው። ከብቱ ከመንደር ገበያ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ነጋዴ፣ አንዳንዴም በአዳማ ማድለቢያ አድርጎ ይጓዛል። ወደ ቄራ የመጣው እኔ ፊት ሲደርስ የልኳንዳው ምልክት ብቻ ነው ያለው። ሳንባው ላይ ከረጢት ሳገኝ የምመዘግበው ቁጥርና ቀን ነው። ለማን ልንገር? ከብቶቹን ዘር ቆጥሮ የሚያውቃቸው ሰው ሳንባቸው ምን እንደነበረ ሳይሰማ ይቀራል፤ የሚቀጥለውንም ሲያርድ ለውሻው ይጥላል። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2006 እያንዳንዱ ጥጃ መለያ ጆሮው ላይ እንዲደረግለት በሕግ አስገድዳለች፤ በዚያ አገር ከብት ከቄራው ወደ ኋላ እስከ ተወለደበት ግቢ ይታወቃል። ለኛ ውድ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ውድ ነው። ቢሆንም ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ ክፉ ቀን ያመጣብንን በሽታ በአገራችን ከመጨረሻ ምሽጎቹ አንዱ ከነበረው ከአፋር ያስወጡት፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው መንደር ለመንደር የዞሩ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ዓለም ከበሽታው ነጻ መሆኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ታወጀ። መልእክቱ ባለቤቱ ጋ የሚደርስበት መንገድ ስለተበጀለት ነው የተቻለው።

እስከዚያው የምችለው ሰፈሬን ነው። ከቄራ ውጭ ማረድ እንደማይበረታታ ብናገርም በበዓል ቅርጫው አይቀርም፤ ጎረቤቶቼ «መጥተህ እይልን» ይሉኛል። ድርሻው ሲደለደል ጉበቱ ይቆጠራል፣ ጨጓራው ይቆጠራል፤ ሳንባው ላይ ሲደረስ ሁሉም ወደ አጥሩ ዞር ይላል። የሰፈሩ ውሾች እዚያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ቅበሩት አልኩ። በኮንዶሚኒየም ግቢ ሲሚንቶ ላይ ማን ይቆፍራል? እንግዲያው ቀቅሉት አልኩ።

«ዶክተር፣ ለውሻ ደግሞ ቅቅል ልሥራ?» አሉኝ አንዲት ጎረቤቴ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

«አዎ እትዬ፣ ቅቅል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንተክተክ። ጨው አያስፈልገውም።»