ሆስፒታል ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም እንዲያገለግል አስቀድሞ የሚወሰን የግንባታ ግብ

ከመገናኛ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ፎቆች በአንዳንዶቹ፣ ከሱቆችና ከቢሮዎች ጎን ለጎን ክሊኒኮች ይሠራሉ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በመሰማቱ፣ የእነዚህ ሕንፃዎች ጥንካሬ አነጋጋሪ ሆኗል። አደጋው ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ተሰምቷል፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው ደግሞ የማጀቴን ከተማ አውድሟል።

«ሕንፃው ይቋቋማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሕንፃው በምን ሁኔታ ላይ እንዲገኝ ይፈለጋል የሚለውም መወሰን አለበት። ግቦቹ በአራት ደረጃዎች ይከፈላሉ፦

1. አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መቀጠል፤
2. ጥቂት ጉዳት ቢደርስም ወዲያውኑ መገልገል መቻል፤
3. ሕንፃው ቢጎዳም የሰው ሕይወት መትረፍ፤
4. ከጥቅም ውጭ ቢሆንም አለመደርመስ።

ባለቤቱ ከመሐንዲሱ ጋር በመመካከር፣ ለየትኛው የመንቀጥቀጥ መጠን የትኛው ግብ እንደሚያስፈልግ ይመርጣል። በብዙ አገሮች መነሻ የሚሆነው በ50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነው መንቀጥቀጥ ነው። ለተራ ሕንፃ ሦስተኛው ግብ ሊበቃ ይችላል፤ ቁስለኞች ለሚጎርፉበት ሆስፒታል ግን አይበቃም።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አዲሱ ሕንፃ በመንቀጥቀጥ ክፉኛ በመጎዳቱ ፈርሶ በጠንካራ ሕንፃ ተተካ። በ1994 በደረሰው መንቀጥቀጥ ተተኪው ሕንፃ ጸንቶ ቢቆምም፣ የውኃ ቧንቧዎች በመሰበራቸው ሕሙማንን ማስወጣት ግድ ሆነ። ምሰሶው ተርፎ አገልግሎቱ ተቋረጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ግቡ የብሎኬት ግድግዳን፣ የጣሪያ ላይ ታንከርን፣ ጄኔሬተርን፣ የኦክስጅን ሲሊንደርን፣ የመድኃኒት መደርደሪያንና ደረጃዎችን ጭምር ማካተት ይኖርበታል። እነዚህ ሳይታሰሩና ሳይጠበቁ ከቀሩ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ማዋለድ ይስተጓጎላል።

የትኛው አገልግሎት ለአንድ ሰዓት፣ የትኛው ደግሞ ለአንድ ቀን ቢቋረጥ ሕሙማንን እንደሚጎዳ ከመሐንዲሱ ይልቅ የሚያውቀው የጤና ባለሙያው ነው። ተቋም ሲገነባም ሆነ ፎቅ ሲከራይ ይህን ዕውቀት ለባለቤቱና ለመሐንዲሱ በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ግቡ ውል ከመፈረሙ በፊት ካልተወሰነ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ሕሙማን በደረጃ በሸክም በሚወርዱበት ዕለት ይሆናል።